ዘጠኝ ሰዎች፣ ስድስት መንገደኞች፦ ልጆችንና አያትን በቻርተር ጀልባ ለዓሣ ማጥመድ ስለ መውሰድ

ጠያቂ፦ የሦስት ልጆች አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። የ11 ዓመት ወንድ፣ የ7 ዓመት ሴትና የ4 ዓመት ወንድ ልጆች አሉን። ትልቁ ልጄ የብርዱን ወራት ዓሣ ሲጠመድ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ሲመለከት ከርሞ፣ አሁን ሙቀቱ ሲገባ «መቼ ነው በጀልባ የምንሄደው?» በሚለው ጥያቄው ዕረፍት ነሥቶኛል። እናቴም ልትጠይቀን ከባሕር ዳር መጥታ እስከ ጳጉሜን አብራን ትቆያለች፤ ጣና ዳር ተወልዳ ያደገች በመሆኗ ጀልባ የሚለውን ቃል ስትሰማ ከልጁ ባልተናነሰ ጓጉታለች። ስለዚህ በጁላይ ወይም በኦገስት ካሉት ቅዳሜዎች በአንዱ ጀልባ ከነካፒቴኑ ተከራይተን ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ለመውጣት አስበናል። የባለቤቴ ወንድምም ከሚስቱና ከ10 ወር ሴት ልጃቸው ጋር አብሮን ሊመጣ ስለሚፈልግ በጠቅላላው ዘጠኝ ነን።

ግራ ያጋባኝ የካፒቴኖቹ መልስ ነው። በባሕረ ሰላጤው ዳር ባለችው ቼሳፒክ ቢች በተባለች ከተማ ከሚገኙት ለአንዱ ስደውል «ከስድስት ሰው በላይ አልጭንም» አለኝ። ከዘጠኙ አንዷ ገና የምትታቀፍ ጨቅላ መሆኗን ብነግረውም «ሕፃኗም አንድ ሰው ናት» ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። በፎቶግራፉ ላይ እንደሚታየው ግን ጀልባው አሥራ አምስት ሰው ቢሳፈርበት የሚጠበው አይመስልም። ሌላ ካፒቴን ደግሞ ቁጥራችንን ስነግረው «ችግር የለም፣ ኑ» ከማለት በቀር አንዳች ጥያቄ አላነሣም። የመጀመሪያው ከልክ በላይ ጥብቅ ነው ወይስ ሊያሳስበኝ የሚገባው ሁለተኛው ነው?

ከዚህ ሌላ ሙሉ ቀን ማለትም ስምንት ሰዓት መከራየቱ ይሻላል ወይስ አራት ሰዓት ይበቃል የሚለውን መወሰን አልቻልንም፤ የሙሉ ቀኑ ዋጋ ለእያንዳንዱ ሰዓት ሲሰላ ረከስ ያለ ስለሆነ እኔ ወደ እርሱ አዘንብያለሁ። ሴቷ ልጄ በመኪና ረጅም መንገድ ስንሄድ የምታስመልስ በመሆኗ ባለቤቴ ስለ ማቅለሽለሹ ከወዲሁ ተጨንቃለች። የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድም ለእያንዳንዳችን ማውጣት ይኖርብን እንደሆነ፣ የያዝነውንስ ዓሣ ወደ ቤት ወስደን መብላት እንችል እንደሆነ የምታውቁ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ሐይቅ ዳር

ወንድሜ፣ ያደግሁት ሐዋሳ ነው፤ እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ባለፉት ስድስት ዓመታት በየበጋው ቅዳሜና እሑድ በአንድ ቻርተር ጀልባ ላይ በረዳትነት ስሠራ ቆይቻለሁ። መንጠቆ የምሰካው፣ የተተበተበ ክር የምፈታውና የልጆቹን ዓሣ የማጸዳው እኔ ስለሆንሁ ከካፒቴኑ ወንበር ይልቅ ከልጆቹ ጎን ሆኜ ያየሁትን ልንገርዎ።

በመጀመሪያ የስድስቱ ነገር የካፒቴኑ ጠባይ ሳይሆን የአገሪቱ ሕግ ነው። በኮስት ጋርድ፣ ማለትም በባሕር ጠረፍ ጠባቂው ኃይል፣ ያልተመረመረ ትንሽ ጀልባ ገንዘብ ተቀብሎ መጫን የሚችለው ቢበዛ ስድስት መንገደኛ ነው፤ ካፒቴኑና ረዳቱ ከቁጥሩ አይገቡም፣ ሕፃን ግን ይገባል፤ የጀልባው ስፋትም ይህን አይለውጠውም። ከስድስት በላይ ለመጫን ጀልባው በኮስት ጋርድ ተመርምሮ የምስክር ወረቀት ማግኘት ይኖርበታል፤ በወረቀቱ ላይም ስንት ሰው እንዲጭን እንደተፈቀደለት ተጽፎ መንገደኛ በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። ስለዚህ ሁለተኛውን ካፒቴን «ጀልባህ የምርመራ ምስክር ወረቀት አላት? ስንት ሰው ይላል?» ብለው ይጠይቁት። ቁጥሩን ሳያመነታ ከነገረዎትና ሲደርሱም ወረቀቱን ካዩ ዘጠኛችሁም በሰላም ትሄዳላችሁ። ወሬውን ወደ ዓሣው ብዛት ካዞረብዎ ግን ስልኩን ይዝጉት። ቁጥር ሳይቆጥር ልጆች የሚጭን ሰው ላይፍ ጃኬቱንም (በውኃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደሪያ) አልቆጠረውም ማለት ነው።

በእኔ አስተያየት ግን የእርስዎ ቤተሰብ በራሱ ስድስት ስለሆነ፣ ማለትም እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ሦስቱ ልጆችና እናትዎ፣ ጥብቁን ካፒቴን ቢይዙ ይሻላል። የባለቤትዎ ወንድም ከሚስቱና ከሕፃኗ ጋር ኖርዝ ቢች ላይ በባሕሩ ዳር በተዘረጋው የእንጨት መንገድ እየተንሸራሸሩ ቢጠብቁ ከቼሳፒክ ቢች ብዙም አይርቅም፤ ለ10 ወር ልጅም ከሞተር ድምፅና ከፀሐይ ይልቅ ያ ይስማማታል።

ስለ ሰዓቱ፣ እባክዎ የሙሉ ቀኑን ሐሳብ ይተዉት። ለሰዓት ሲሰላ የረከሰው፣ የመጨረሻዎቹን አራት ሰዓታት ማንም ልጅ ስለማይፈልጋቸው ነው። እስካሁን እንዳየሁት የ4 ዓመት ልጅ በመጀመሪያው ሰዓት ሁሉ ነገር ያስደስተዋል፤ በሁለተኛው ዓሣ ከተያዘ ይጸናል፤ በሦስተኛው ደግሞ ምግብና እንቅልፍ ይፈልጋል። ስለዚህ አራት ሰዓት፣ እርሱም በማለዳ ይሁን። በበጋ እዚህ አካባቢ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ድንገተኛ ነፋስ ይበዛል። ቼሳፒክ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ በአማካይ 21 ጫማ ገደማ፣ ማለትም ስድስት ሜትር ተኩል የማይሞላ በመሆኑ፣ ነፋስ ሲነሣበት የሚፈጥረው ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ጀልባውን እንደ ውቅያኖስ በዝግታ ከፍ ዝቅ ከማድረግ ይልቅ እንደ ኮረኮንች መንገድ ያንገጫግጨዋል። የነፋሱ ትንበያ ከ15 ኖት (የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ነው) በላይ ከሆነ አዋቂዎች ይችሉታል፣ ልጆች ግን አይደሰቱም። ካፒቴኑ «ስድስት ሰዓት ላይ ማሪናው (የጀልባ ማቆሚያው) ዘንድ ተገኙ» ሲልዎት ታዲያ ለእናትዎ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት» ብለው ይንገሯቸው። አንድ ጊዜ አንዲት የመንገደኛ እናት በእኛ አቆጣጠር እኩለ ቀን መስሏቸው ገና ጸጉራቸውን እየተሠሩ ሳለ ጀልባው ወጥቶባቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሲደውሉ «ዓሣ ማጥመድ እንፈልጋለን» ብቻ አይበሉ፤ «ልጆቹ ዘንጉን ራሳቸው ይዘው ከሥር እንዲያጠምዱ እንፈልጋለን» ይበሉ። ብዙ ካፒቴኖች ካልተነገራቸው በቀር ጀልባውን በዝግታ እየነዱ ከኋላ ብዙ ዘንጎች ይጎትታሉ። ዘንጎቹ በማስቀመጫቸው ተሰክተው ይቆማሉ፣ ልጆች ተቀምጠው ይመለከታሉ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ዓሣ ሲነክስ ረዳቱ ዘንጉን ነቅሎ ለልጁ ያቀብለዋል፣ ልጁ ክሩን ይጠቀልላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ አለቀ። ትልቅ ዓሣ የሚሻ አዋቂ ይህን ይወድደዋል። ለ7 ዓመት ልጅ ግን ጀልባውን አቁሞ ሁለት ትንንሽ መንጠቆዎች ባሉበት ክር ቁራሽ የትል ወይም የስኩዊድ ማባበያ ሰክቶ፣ ክሩን የሚያሰጥመው እርሳስ የባሕሩን ወለል እስኪነካ ለቅቆ፣ ጣቱን ክሩ ላይ አሳርፎ መጠበቅ የሚሻል ነው። ስፖት የምትባለው ዓሣ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ ብትሆንም ስትነክስ ክሩን ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለች፤ ልጁም ያንን ንክሻ በራሱ ጣት ይሰማዋል። በጁላይና በኦገስት ስፖት በብዛት ትገኛለች፤ ዋይት ፐርችም አብራ ትያዛለች። ክሮከር የሚባለው ደግሞ ከውኃ ሲወጣ እንደ እንቁራሪት ስለሚያጉረመርም ልጆች በሳቅ ይፈርሳሉ።

ሮክፊሽ፣ በሌላ ስሙ ስትራይፕት ባስ፣ ከተያዘ ግን ልጁን አስቀድመው ያዘጋጁት። ከ2024 ወዲህ በነበረው ደንብ በባሕረ ሰላጤው ማስቀረት የሚቻለው ከ19 እስከ 24 ኢንች፣ ማለትም ከ48 እስከ 61 ሴንቲ ሜትር የሆነውን፣ እርሱንም ለአንድ ሰው በቀን አንድ ብቻ ነው። ዓሣ ማቆየት የተከለከለባቸው ሳምንታትም ስላሉና ደንቡ በየዓመቱ ስለሚከለስ ቀኑን ከመቁረጥዎ በፊት ካፒቴኑን ይጠይቁ። ረጅሙን ዓሣ ወደ ውኃ ስመልስ ስንት ልጅ አልቅሶብኛል። አሁን ግን መለኪያውን ለራሳቸው እሰጣቸዋለሁ፤ ምክንያቱንም እነግራቸዋለሁ። ይህ ዓሣ በጣም ተመናምኖ ስለነበር ሜሪላንድ ከ1985 እስከ 1990 ማጥመዱን ፈጽሞ ከልክላ ነበር። ግዛቲቱ ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ የዓሣውን ግልገሎች ትቆጥራለች፤ ከ2019 ወዲህ ደግሞ ቁጥሩ በየዓመቱ ከአማካዩ በታች ሆኗል። የ11 ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ ዳኛ የተሾመ ያህል ኮራ ብሎ ነው የሚለካው።

ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። የቻርተር ጀልባው ፈቃድ መንገደኞቹን ይሸፍናል፤ ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ደግሞ ከጀልባ ውጭም ቢሆን ፈቃድ አይጠየቁም። አንድ ነገር ብቻ ላክልና ላብቃ፤ ለልጆቹ ሙዝ ቋጥረው እንዳይመጡ። የዚህ አገር ጀልበኞች ሙዝ የጀልባ ገደቢስ ነው ብለው ያምናሉ፤ የእኔ ካፒቴን ለሳቅ ያህል የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር፣ ግን አንድ ቀን ሙዙን ከእነቦርሳው የብስ ላይ አስቀርቶታል።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት (ነርስ፣ አሌክሳንድሪያ)

ሐይቅ ዳር የጻፈውን በሙሉ እደግፋለሁ፤ እኔ የማክለው ስለ ማቅለሽለሹና ስለ ላይፍ ጃኬቱ ነው።

በጉዞ ማቅለሽለሽ በይበልጥ የሚያጠቃው ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው፤ በመኪና የምታስመልስ ልጅ ደግሞ በጀልባም ሊያገኛት እንደሚችል አስቦ መዘጋጀት ይገባል። ችግሩ የሚመጣው ዓይንና የውስጥ ጆሮ ለአእምሮ የሚነግሩት ሲለያይ ነው፤ ጆሮዋ «እየተንቀሳቀስሽ ነው» ይላታል፣ ስልክ ላይ ወይም በጀልባው ክፍል ግድግዳ ላይ ያረፈው ዓይኗ ደግሞ «ቆመሻል» ይላታል። ስለዚህ ወደ ውስጠኛው ክፍል አትግባ፣ ስልክም አይሰጣት፤ መወዛወዙ ወደሚቀንስበት ወደ ጀልባው መካከልና ኋላ ትሁን፣ የሞተሩ ጭስ ከሚመጣበት በኩል ግን ትራቅ፤ ዓይኗንም ከአድማሱ አትንቀል። ድራማሚንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ጉዞው ከመጀመሩ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በፊት ካልተወሰዱ ብዙም አይረዱም፤ ማስመለስ ከጀመረች በኋላ መስጠት ከንቱ ነው። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም፤ ለእርስዎ ልጅም መጠኑን የሕፃናት ሐኪሟን ይጠይቁ፣ እንቅልፍ እንደሚያመጣም አይርሱ። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው የአዋቂዎች መድኃኒት ለልጆች አይሆንም፤ «ግማሹን ቆርጬ ብለጥፍላትስ?» ብለው የሚጠይቁኝ እናቶች ስላሉ ነው ይህን መጻፌ።

ባዶ ሆድ አይረዳም፣ የጠገበ ሆድም እንዲሁ። የዋዜማውን እራት ቅባት የሌለው አድርጉት፤ ጠዋት ደረቅ ዳቦ፣ ለጉዞው ደግሞ ዳቦ ቆሎና ውኃ ይበቃል። እኔ በቴርሞስ የዝንጅብል ሻይ ይዤ እሄዳለሁ፤ ዝንጅብሉ ሆዳቸውን ያረጋጋው ወይም የለመዱት ሽታ ይሁን አላውቅም፣ ልጆቼ ግን ይጠይቁኛል።

ላይፍ ጃኬቱን በተመለከተ፣ በግል የመዝናኛ ጀልባ ላይ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጀልባው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ እንዲለብስ የፌዴራሉ ደንብ ያስገድዳል፤ የኪራይ ጀልባ ደግሞ ለእያንዳንዱ መንገደኛ በልኩ የሚሆን መያዝ ይጠበቅበታል። «በልኩ» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉት። የልጆች ጃኬት የሚለካው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ሲሆን፣ ከ30 ፓውንድ በታች ለጨቅላ፣ ከ30 እስከ 50 ለሕፃን፣ ከ50 እስከ 90 ለታዳጊ ተብሎ በጃኬቱ ውስጥ ተጽፏል። የልጆችዎን ክብደት ለካፒቴኑ አስቀድመው ይንገሩት፤ ከተጠራጠሩ የራስዎን ገዝተው ይሂዱ፣ ልጁም ቤት ውስጥ ለብሶት ይልመድ። ከተቆለፈ በኋላ ልጁ እጆቹን ወደ ላይ ያንሣና እርስዎ ጃኬቱን ከትከሻው ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት፤ አገጩንና ጆሮውን አልፎ የሚሾልክ ከሆነ ውኃ ውስጥም ይሾልካል። ደንቡ ምንም ይበል ምን፣ ሦስቱም ልጆች ከማሪናው የእንጨት መረማመጃ ጀምረው እስኪመለሱ እንዲለብሱ አደርግ ነበር፤ ልጅ ውኃ ውስጥ የሚወድቀው መሐል ባሕር ላይ ብቻ ሳይሆን ጀልባ ላይ ሲወጣና ሲወርድም ነው። እናትዎም ይልበሱ፤ አያታቸው ከለበሱ ልጆቹ አይከራከሩም።

መልስ፦ ተጠራጣሪው

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ከሁላችሁም በጥቂቱ እለያለሁ። ዓሣ አጥምዶ የማያውቅን የ4 ዓመት ልጅ በመጀመሪያ ቀኑ ጀልባ ላይ ማውጣት፣ ዋና የማያውቅን ሰው ከጥልቁ እንደ ማስጀመር ነው። የእኔን ስሕተት ልንገራችሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ወጪ ለመቆጠብ ብዬ የ5 ዓመት ልጄን ብዙ የማይተዋወቁ ሰዎች በነፍስ ወከፍ እየከፈሉ በሚሳፈሩበት ትልቅ ጀልባ ወሰድኋት። በመጀመሪያው ሰዓት አስመለሳት፣ በሁለተኛው «ወደ ቤት» እያለች አለቀሰች፤ ነገር ግን ከአርባ የማያንሱ ሰዎች ከፍለው ስለ ተሳፈሩ ካፒቴኑ ለእኛ ሲል የሚመለስበት ምክንያት አልነበረም። አልፈርድበትም። እኔ ግን ቀሪውን ጊዜ ልጄን አቅፌ ጥግ ላይ ተቀምጬ አሳለፍሁት፤ ዘንጌ አንድ ጊዜም ውኃ አልነካም።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩት፣ በመጀመሪያ ከመሬት መጀመርን ነው። ሜሪላንድ በጁን ወር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜዎችና ጁላይ 4ን ፈቃድ የማይጠየቅባቸው ቀኖች አድርጋለች፤ ልጁ ምንጊዜም ፈቃድ ባይጠየቅም አባትየው የሚጠየቅ ስለሆነ እነዚህ ቀኖች ለእርስዎ ለራስዎ ይጠቅሙዎታል። ኬንት ደሴት ላይ ማታፒክና ሮማንኮክ የተባሉ የማጥመጃ ድልድዮች አሉ፤ የቼሳፒክን ትልቁን ድልድይ መሻገር በራሱ ለልጆች ጉዞ ነው። እዚያ ልጁ ዘንግ መያዝን፣ መንጠቆ ወደ ሰው ፊት እንደማይወረወር፣ ዓሣ ባይያዝም ሰማይ እንደማይደፋ ይማራል። ሲሰለቸው መኪናው እዚያው ነው። ሁለት ጊዜ እንዲህ ከሞከራችሁ በኋላ ጀልባውን ተከራዩ።

መልስ፦ ሐይቅ ዳር

ተጠራጣሪው ትክክል ነው፤ ከእኔ ይልቅ እርሱ ጉዳዩን ከሥሩ አይቶታል። አንድ ልዩነት ብቻ ላስታውስ፤ ቤተሰቡ ብቻውን የተከራየው ጀልባ ከሆነ «እንመለስ» ባሉ ጊዜ ይመለሳል። ገንዘቡ ባይመለስም እኔ በምሠራበት ጀልባ ከሁለት ሰዓት በኋላ የተመለስንባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው፤ ካፒቴኑም አይቆጣም። ስትከራዩ ግን ይህን አስቀድማችሁ ተናገሩ። በአየር ጠባይ ምክንያት ካፒቴኑ ራሱ ቢሰርዝ ቀብዱ ወደ ሌላ ቀን ይዛወር እንደሆነም ጠይቁ። ስለ መንጠቆው ደግሞ፣ በልጆቹ መንጠቆ ላይ ያለውን ወደ ኋላ የሚመለስ ጥርስ በፒንሳ እንድናስተኛው ብትጠይቁን በደስታ እናደርገዋለን፤ ጥቂት ዓሣ ያመልጣል፣ ከጣት ግን በቀላሉ ይወጣል።

መልስ፦ የፍልሰታ ጿሚ (ባልቲሞር)

ልጆቼ፣ ስለ ምግቡ ማንም አልመለሰምና እኔ ልመልስ። እናትህ ከባሕር ዳር የመጣች ከሆነ ቀኑን ከመቁረጥህ በፊት ጠይቃት። ፍልሰታ ኦገስት 7 ገብቶ እስከ 21 ይዘልቃል፤ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየቤቱ የሚለያይ ቢሆንም፣ እኔን የመሰልን ሰዎች አንቀምሰውም። የያዘችውን ዓሣ ልጆች ሲበሉት እያየች እንዳትጾም ወይ ከዚያ በፊት ውሰዳት፣ ወይ ከፈሰክን በኋላ።

ሁለተኛው የቅርፊት ነገር ነው። በዚህ ባሕር ብሉ ካትፊሽ የሚሉት የአምባዛ ዘመድ ሞልቷል፤ በ1970ዎቹ ለስፖርት ተብሎ በቨርጂንያ ወንዞች ተለቅቆ፣ ዛሬ ሌላውን ዓሣ እየበላ ስላስቸገረ መንግሥት ያለ ገደብ አጥምዳችሁ ብሉት ይላል። ሥጋው ነጭና ጥሩ ነው ይሉታል። ኦሪት ዘሌዋውያን ግን በውኃ ካለው ሁሉ ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ ስለሚል፣ አምባዛ የማይበላበት ቤት ብዙ ነው። ስፖትም፣ ፐርችም፣ ሮክፊሽም ቅርፊት ስላላቸው እናትህ አትቸገርም። ስፖትን እንደ ቆሮሶ ቅርፊቷን ፍቃችሁ፣ ሆዷን አጽድታችሁ፣ ጎንና ጎኗን በቢላ በጣጥሳችሁ በጨው፣ በሎሚና በሚጥሚጣ አሽታችሁ እንዳለች ጥበሷት፤ አጥንቷ ስለሚበዛ ለትንሹ ልጅ ግን እየለቀማችሁ አጉርሱት። ሮክፊሽ ከተገኘ ወፍራም ስለሆነ ለጉላሽ ይሆናል።

በረዶውን አደራ። በኦገስት ሙቀት ዓሣ በባልዲ ውኃ ተይዞ ቤት አይደርስም፤ ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ በበረዶ ይቀበር። የሜሪላንድ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከየትኛው ዓሣ በወር ምን ያህል ቢበሉ እንደሚሻል የሚገልጽ ሰንጠረዥ ያወጣልና እርሱንም ተመልከቱ፤ በተለይ የትልልቆቹ ዓሦች ሥጋ ኬሚካል ያጠራቅማል። ዓሣውን ለሚያጸዳላችሁ ልጅ ጉርሻውን እንዳትረሱ፤ እዚህ አገር ከኪራዩ ከመቶ 15 እስከ 20 መስጠት የተለመደ ነው።

ጠያቂ፦ የሦስት ልጆች አባት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሄደን ስለ ተመለስን የሆነውን ልጻፍ።

ሁለተኛውን ካፒቴን ስለ ምስክር ወረቀቱ ጠየቅሁት፤ «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለኝ፤ እኔም አመስግኜ ዘጋሁት። የተጠራጣሪውን ምክር ተቀብለን በጁን ወር በነጻው ቅዳሜ ማታፒክ ሄድን። ሦስት ሰዓት ቆይተን አንዲት ፐርች ብቻ ብንይዝም፣ ትንሹ ልጅ የማባበያውን ትል ሳይፈራ መያዝ የቻለው በዚያ ቀን ነው። የጀልባው ቀን ጁላይ ላይ ተቆርጦ ነበር፤ ዓርብ ማታ ካፒቴኑ ደውሎ ነፋሱ እስከ 20 ኖት እንደሚደርስ ነገረኝና ወደሚቀጥለው ቅዳሜ አዛወረው። ትልቁ ልጄ አኮረፈ። ሰኞ ዕለት ግን ሴቷ ልጄ «እኔ ግን ደስ ብሎኛል» ብላ ፍርሃቷን ስታወጣ፣ ለካ ሳምንቱን በሙሉ ስለ ማስመለሱ ስታስብ ኖራለች። ያንን ሳምንት መድኃኒቱን ከሐኪሟ ጠይቀን፣ ላይፍ ጃኬቱን ሳሎን ውስጥ አስለምደን ቆየን።

በቀኑ ውኃው እንደ መስታወት ነበር። ስድስታችን ወጣን፤ ወንድማችን፣ ሚስቱና ሕፃኗ ኖርዝ ቢች ቀሩ። ካፒቴኑ ከማሪናው ሃያ ደቂቃ ያህል ተጉዞ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ክሮቹ ዕረፍት አላገኙም። ሃያ ሰባት ስፖትና አራት ፐርች ያዝን፤ ከእነዚህ ትንንሾቹን መልሰን አሥራ ስምንት አስቀረን። ሴቷ ልጄ አንድ ጊዜ ፊቷ ገርጥቶ ነበር፣ ረዳቱ ከኋላ ወደ መካከል አምጥቶ የድልድዩን ምሰሶዎች በሩቅ እየፈለገች እንድትቆጥር አደረጋት፤ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠመች ተሻላት። ትልቁ ልጅ አንድ ሮክፊሽ ያዘ። ራሱ ለካው፤ 17 ኢንች ሆነ። ሁለተኛ ለካው። ከዚያ ምንም ሳይል በሁለት እጁ ይዞ ወደ ውኃ አወረደው፤ እስኪዋኝ ድረስም ዓይኑን አልነቀለም። ትንሹ ልጅ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ እግሬ ላይ ስለ ተኛ ከአራት ሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድመን ተመለስን።

እናቴ ዘንጉን አልፈለገችውም። ክሩን ብቻ በጣቷ ጠቅልላ ይዛ ከሁላችንም በላይ ያዘች፤ ረዳቱም ማሪናው ላይ ዓሣውን ሊያጸዳላት ሲል ቢላውን ተቀብላ ቅርፊቱን ከጅራት ወደ ራስ እየፋቀች አሳየችው። ጉርሻውን ግን አልቀነስንም። ፍልሰታ ሳይገባ በላነው። ለሴፕቴምበር አጋማሽ ሌላ ቅዳሜ ቀብድ ሰጥቻለሁ፤ እናቴ ያን ጊዜ ባሕር ዳር ስለምትሆን አንድ ቦታ ይተርፋልና የባለቤቴ ወንድም ተራውን ይይዛል።